የሴቶች ቡድናችሁ ከፌሚኒስት ፈንዶች ድጋፍ እንዲያገኝ፦ ከቃለ ጉባኤ ደብተር እስከ ሪፖርት

«አሥራ አራት ሴቶች ነን፤ ፈቃድ የለንም፤ ውጭ አገር ያሉት የሴቶች ፈንዶች ለእኛም ይሰጣሉ ወይ?» ይህ ጥያቄ በስልክም፣ በቴሌግራምም፣ ከስብሰባ በኋላ በር ላይ ቆሜም ይመጣብኛል። አዎ፣ የፌሚኒስት ፈንዶች የሚባሉት እነዚህ ለሴቶች መብት የሚሠሩ ቡድኖችን በገንዘብ የሚደግፉ ድርጅቶች ይሰጣሉ። ግን ጥያቄው ሁልጊዜ የሚደርሰኝ የማመልከቻው ጊዜ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ነው፤ በአራት ቀን ደግሞ የሁለት ዓመት መዝገብ አይሞላም። ለዚህ ነው ሥራውን ከመጀመሪያው በቅደም ተከተል የጻፍኩት። በሴቶች ቡድኖች ውስጥ ጸሐፊም ሒሳብ ያዥም ሆኜ ስሠራ ያየሁት አንድ ነገር አለ፤ ጥሩ ማመልከቻ የሚወጣው ከጥሩ ደብተር ነው።

አካሄዱ ግልጽ እንዲሆን አንድ ቡድን በምሳሌነት እንይዛለን፦ በአዲስ አበባ የሚኖሩና እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚገናኙ 14 የቤት ሠራተኞች። በምሳሌው ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች በራሳችሁ ቁጥሮች ተኩ።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የቃለ ጉባኤ ደብተር፤ ቀን፣ የተገኙ ሰዎች፣ የተወሰነው ነገርና ፊርማ ያለበት
- የመዋጮ መዝገብ፤ በወር 50 ብርም ብትሆን
- መተዳደሪያ ደንብ፤ አንድ ገጽ ይበቃል
- የምዝገባ የምስክር ወረቀት፣ ወይም ገንዘቡን ከሚቀበልላችሁ ድርጅት ጋር የተፈረመ ስምምነት
- ከባንክ የተጻፈ ደብዳቤ፤ የሒሳቡ ስም፣ ቁጥርና የስዊፍት ኮድ (ከውጭ አገር ገንዘብ ሲላክ ባንኩ የሚለይበት ኮድ) ያለበት
- የሦስት ፈራሚዎች መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ቅጂ
- በቡድኑ ስም የተከፈተ ኢሜይል፤ የይለፍ ቃሉን ቢያንስ ሁለት ሰዎች የሚያውቁት
- ሥራችሁን በዓይናቸው ያዩ፣ ሲጠየቁ የሚመሰክሩ ሁለት ሰዎች
- የኢትዮጵያና የፈረንጅ ቀን ጎን ለጎን ያለበት ካላንደር

1. ደብተሩን አስተካክሉ

ማንኛውም ፈንድ በአንድ ወይም በሌላ መንገድ የሚጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው፦ እነማን ናችሁ፣ ማን ይወስናል፣ እስካሁን ምን ሠራችሁ። ሦስቱም መልስ የሚያገኙት ከቃለ ጉባኤ ነው። ደብተር ከሌላችሁ ከሚመጣው እሑድ ጀምሩ። ያለፈውን ጊዜ በፈጠራ ቃለ ጉባኤ ለመሙላት አትሞክሩ፤ የአንድ ቀን ብዕርና የአንድ ቀን የእጅ ጽሑፍ በግልጽ ያስታውቃል። ይልቁንም አባላቱን ሰብስባችሁ ያለፈውን ሥራ አስታውሱና «የቡድኑ ታሪክ፣ በአባላት ትውስታ የተዘጋጀ» ብላችሁ የዛሬን ቀን ጻፉበት። እንዲህ ያለ ሰነድ እውነተኛ ስለሆነ ተቀባይነት አለው።

የመዋጮ መዝገቡም እንደዚሁ ዋጋ አለው። ከውጭ ገንዘብ ከመምጣቱ በፊት ቡድኑ በራሱ እግር መቆሙን ያሳያል። ዕቁብ የምትጥሉ ከሆነ የዕቁቡን ገንዘብና የቡድኑን መዋጮ በአንድ ደብተር አትቀላቅሉ። ዕቁቡ የእያንዳንዷ ሴት የግል ገንዘብ ሲሆን መዋጮው የጋራ ነው፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ በኋላ መለየት አይቻልም።

2. ገንዘቡ በማን ስም እንደሚገባ ወስኑ

ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ራሳችሁን ማስመዝገብ ነው። በኢትዮጵያ ይህን የሚያከናውነው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ሲሆን፣ የሚሠራበት ሕግ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። ቀድሞ የነበረው አዋጅ ቁጥር 621/2001 በመብት ላይ የሚሠሩ አገር በቀል ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙትን ገቢ በ10 በመቶ ገድቦት ነበር፤ የ2011ዱ አዋጅ ይህን ገደብ አንሥቶ ከማንኛውም ሕጋዊ ምንጭ ገንዘብ መቀበልን ፈቅዷል። ሕግ ስለሚሻሻል ማመልከቻ ከመላካችሁ በፊት በሥራ ላይ ያለውን ደንብ ከባለሥልጣኑ ጠይቁ። የድሮ መረጃ ይዘው የሚመክሩ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ሁለተኛው መንገድ አስተናጋጅ ድርጅት መፈለግ ነው። የተመዘገበ ድርጅት ገንዘቡን በስማችሁ ይቀበላል፣ ሒሳቡን ይይዛል፣ ለዚህም የተወሰነ መቶኛ ይወስዳል። ፈቃድ ለሌለው ቡድን ፈጣኑ መንገድ ይህ ነው። ነገር ግን ወዳጅነት የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ስለሆነ የሚከተሉትን ጽፋችሁ ሳትፈርሙ አትጀምሩ፦ የአገልግሎት ክፍያው ስንት በመቶ ነው? ገንዘቡ ከገባ በስንት ቀን ውስጥ ለእናንተ ይለቀቃል? ወጪን የሚያጸድቀው ማን ነው? ለፈንዱ በቀጥታ መጻፍ ትችላላችሁ ወይ? ብትጣሉ ቀሪው ገንዘብ የት ይሄዳል? የመጨረሻውን ጥያቄ መጠየቅ ያሳፍራል፤ ቢሆንም ጠይቁት።

በስደት ላላችሁ እህቶች ሁኔታው ይለያል። በሊባኖስ የስደተኛ ቤት ሠራተኞች መደራጀት ሕጋዊ ከለላ የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በቤይሩት የተመሠረተው የቤት ሠራተኞች ማኅበርም ከመንግሥት እውቅና አላገኘም። እዚያ ያሉ ቡድኖች የሚሻላቸው በሌላ አገር የተመዘገበ ወይም በአገሩ ፈቃድ ያለው አጋር መያዝ ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ያላችሁ ደግሞ ያለ ፈቃድ መዋጮ መሰብሰብ በሕግ እንደሚያስቀጣ እወቁ፤ በማኅበራዊ ሚዲያ «እንርዳት» ብሎ የሒሳብ ቁጥር መለጠፍም በዚሁ ይታያል። አሜሪካ ያላችሁ ከግብር ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት ፈቃድ ባለው ድርጅት ሥር ብትገቡ ሰጪዎቻችሁ የሰጡትን ከግብር ማስቀነስ ስለሚችሉ መዋጮው ይጨምራል።

3. ለእናንተ የሚስማማውን ፈንድ ለዩ

ፈንዶቹ ሁሉ አንድ አይደሉም። ወደ አልሆነ በር መሄድ የአንድ ወር ልፋት ያባክናል። በብዛት የምጠየቅባቸው እነዚህ ናቸው።

ፍሪዳ በወጣት ሴቶች ለሚመሩ አዳዲስና ትንንሽ ቡድኖች የቆመ ፈንድ ነው። ምዝገባን እንደ ግዴታ አይጠይቅም። የተለየ የሚያደርገው አመልካቾቹ ራሳቸው የሌሎችን ማመልከቻ አንብበው ድምፅ መስጠታቸው ነው። ስለዚህ ጽሑፋችሁን የሚያነብቡት እንደ እናንተው ያሉ ወጣቶች ናቸውና የጽሕፈት ቤት ቋንቋ አይሠራም።

ማማ ካሽ አምስተርዳም የሚገኝ ሲሆን ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሴቶች ራሳቸው የሚመሯቸውን ቡድኖች ይደግፋል። ሥልጣን ያለበትን ቦታ፣ ማለትም ሕግን፣ ልማድንና የአሠሪን ፈላጭ ቆራጭነት ለመለወጥ የሚሠራን ይፈልጋል። ዋና ሥራችሁ እህል ማደል፣ ብድር መስጠት ወይም የሙያ ሥልጠና ብቻ ከሆነ ወደ ሌላ በር ሂዱ።

የአፍሪካ ሴቶች ልማት ፈንድ መቀመጫው አክራ፣ ጋና ሲሆን በአፍሪካ ሴቶች የሚመሩ ድርጅቶችን ይደግፋል። ኧርጀንት አክሽን ፈንድ አፍሪካ መቀመጫው ናይሮቢ ነው፤ ፈጣን ምላሽ ለሚፈልግ ጉዳይ ይሰጣል። አባላችሁ ዛቻ ደርሶባት ቤት መቀየር ቢኖርባት፣ ወይም ያልጠበቃችሁት የሕግ ረቂቅ ለውይይት ቢቀርብ የሚንኳኳው በር ይህ ነው። የዓመት ኪራይ ወይም መደበኛ ሥልጠና አይጠየቅበትም።

ሌሎቹን ለማግኘት የሴቶች ፈንዶች ዓለም አቀፍ ኅብረት የሆነውን ፕሮስፔራን ድረ ገጽ ተመልከቱ። ከ40 በላይ የሆኑትን አባል ፈንዶች ዝርዝር እዚያ ታገኛላችሁ። በዝርዝሩ ላይ ያለ ስም ሁሉ ክፍት ጥሪ፣ ማለትም ማንም ቡድን እንዲያመለክት የሚጋብዝ ማስታወቂያ ያወጣል ማለት አይደለም። አንዳንድ ፈንዶች ቡድኖችን የሚያፈላልጉት በአማካሪዎቻቸውና ከዚህ በፊት በደገፏቸው ድርጅቶች በኩል ነው። ስለዚህ በአገራችሁ ድጋፍ ያገኙ ድርጅቶችን ሂዳችሁ ተዋወቁ፤ በስብሰባቸው ተገኙ። ሳትታወቁ ማንም አይጋብዛችሁም።

ሁለት ዓይነት ድጋፍ መኖሩንም እወቁ። የፕሮጀክት ድጋፍ ለአንድ ለተወሰነ ሥራ ብቻ ይውላል። አጠቃላይ ድጋፍ የሚባለው ግን ለኪራይ፣ ለአስተባባሪ ክፍያና ለሒሳብ ሥራም ይሆናል። ብዙ የፌሚኒስት ፈንዶች ሁለተኛውን ይሰጣሉ። ቅጹ ምርጫ ከሰጣችሁ አጠቃላዩን ጠይቁ፤ ቡድንን ቡድን አድርጎ የሚያቆየው ኪራይና ስልክ ነው፣ እነርሱን የሚከፍል ፕሮጀክት ደግሞ ጥቂት ነው።

4. ቀኑንና ሰዓቱን ወደ ራሳችሁ አቆጣጠር መልሱ

ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ቡድን የሚወድቀው ግን እዚህ ነው። እኛም አንድ ጊዜ ወድቀናል። ጥሪው በናይሮቢ ሰዓት 5 ሰዓት ከሰዓት በኋላ ይላል፤ ናይሮቢ ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ሰዓት ስለሆነች ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው ብለን ተቀመጥን። እነርሱ 5 ያሉት የእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ነበር። ምሽት 3 ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ሰነድ ይዘን ስንገባ ቅጹ ተዘግቷል። የሁለት ወር ሥራ እዚያው ቀረ።

ስለዚህ ሁልጊዜ ስሌቱን ወረቀት ላይ ሥሩ። በክረምታቸው ወራት አምስተርዳም ከአዲስ አበባ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ የእነርሱ እኩለ ሌሊት ለእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሆናል። በበጋቸው ልዩነቱ ወደ አንድ ሰዓት ይወርዳል። አክራ ዓመቱን ሙሉ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ስሌቱን ከሠራችሁ በኋላ ሦስት ቀን ቀንሱና የራሳችሁ ማብቂያ ቀን አድርጉት። መብራት ሊጠፋ፣ ኢንተርኔት ሊቋረጥ ይችላል።

የሰነዶቻችሁን ቀንም ተርጉሙ። የምዝገባ ወረቀታችሁ 12/05/2012 ካለ፣ ያ ጥር 12 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 21 ቀን 2020 ነው። ውጭ ያለ አንባቢ ግን በ2012 የተመሠረተ የቆየ ድርጅት አድርጎ ይረዳዋል፤ በቅጹ ላይ 2020 ብላችሁ ስትጽፉ ደግሞ ሰነዱና ቅጹ ይጋጩበታል። ከእያንዳንዱ የአማርኛ ሰነድ ጋር አጭር ትርጉም አያይዙና «ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው» የሚል መስመር ጨምሩበት። የበጀት ዓመታችሁ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ከሆነም ይህንኑ ጻፉ።

5. ጽሑፉን ከደብተሩ ላይ ጻፉ

መልሶቹን በቅጹ ላይ በቀጥታ አትጻፉ። በተለየ ፋይል ጽፋችሁ ጨርሱና ኋላ ገልብጡ። ገጹ በመሃል ቢዘጋ የጻፋችሁት አይጠፋም፤ ደግሞም አባላቱ እንዲሰሙት ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ይቻላል። የመጀመሪያውን ረቂቅ በአማርኛ አድርጉት። ሴቶቹ ያልተረዱት ማመልከቻ የእነርሱ አይሆንም፤ ከፈንዱ ሲደወልም ማንም ሊመልስ አይችልም።

ይህን ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ፦

«ቡድናችን አቅም የሌላቸውን የቤት ሠራተኞች በማብቃት የኑሮ ደረጃቸውን ዘላቂ በሆነ መልኩ ለማሻሻል በትጋት ይሠራል።»

ማን እንደጻፈው፣ ስንት ሰዎች እንዳሉ፣ ምን እንደተሠራ አይታወቅም። «አቅም የሌላቸው» የሚለው ደግሞ ጸሐፊዋን ከሴቶቹ በላይ ያስቀምጣታል። የፌሚኒስት ፈንድ አንባቢ ቶሎ የሚያየው ይህንን ነው፤ ሥራውን የሚመሩት ችግሩ ያለባቸው ሴቶች ናቸው ወይስ ሌላ ሰው በእነርሱ ስም? አሁን ደግሞ ከደብተር የተጻፈውን እዩት፦

«እኛ 14 የቤት ሠራተኞች ነን። ትንሿ አባላችን 19፣ ትልቋ 46 ዓመቷ ነው። እሑድ ከ9 እስከ 11 ሰዓት በአንዷ አባላችን ቤት እንሰበሰባለን። ባለፈው ዓመት ደመወዝ የተያዘባቸው 6 ሴቶች ወደ እኛ መጡ፤ ሁለት ሁለት ሆነን ከአሠሪዎቻቸው ጋር ተነጋገርን፤ አራቱ ገንዘባቸውን ተቀበሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በግለሰብ ቤት የምንሠራውን ስለማይሸፍን ክስ የምናቀርብበት በር ጠባብ ነው። ስለዚህ አንድ ገጽ የጽሑፍ ውል አዘጋጅተን አሠሪዎችን ማስፈረም ጀምረናል። እስካሁን 9 ቤቶች ፈርመዋል።»

አንድም የተጋነነ ቃል የለውም። ሁለቱ ሴቶች ገንዘባቸውን አለማግኘታቸውም አልተደበቀም። ውድቀትን መናገር ማመልከቻን አያበላሽም፤ እንዲያውም «አራቱ ተሳካ፣ ሁለቱ አልተሳካም፣ ምክንያቱም አሠሪዎቹ ከተማ ለቀዋል» ያለ ቡድን ሥራውን በእውነት እንደሚከታተል ያሳያል።

«ውሳኔ የምትወስኑት እንዴት ነው?» ለሚለው ጥያቄ «በዲሞክራሲያዊ መንገድ» ብላችሁ አትለፉ። አንድ ውሳኔ መዝዛችሁ ተርኩ፦ ምን ላይ ተከራከራችሁ፣ ማን ተቃወመች፣ በምን ተጠናቀቀ። «ከሌሎች ጋር እንዴት ትሠራላችሁ?» ሲባልም የድርጅት ስም አትደርድሩ። አብራችሁ የሠራችሁትን አንድ ነገር ተናገሩ፤ ፈንዱ የሚፈልገው እንቅስቃሴውን ነው፣ ማለትም ቡድናችሁ ከሌላው ጋር በምን ክር እንደተሳሰረ።

እንግሊዝኛው ቀላል ይሁን። ስሕተት ያለበት ግን ግልጽ የሆነ እንግሊዝኛ፣ ከኢንተርኔት ተቀድቶ ከተለጠፈ የተዋበ አንቀጽ ይበልጣል።

6. በጀቱን ከእሑዱ ስብሰባ ተነሥታችሁ ሥሩ

ብዙ ቡድን በጀት የሚሠራው ከላይ ወደ ታች ነው፤ 5,000 ዶላር ይሰጣል ሲባል ያንን እስኪሞላ ወጪ ይፈለግለታል። አንባቢው ክብ ክብ ቁጥሮችን ሲያይ ይህን ይረዳል። ከታች ጀምሩ። አንዲት አባል እሑድ ከቤቷ ወጥታ እስክትመለስ ምን ታወጣለች? ለምሳሌ ትራንስፖርት በአማካይ 150 ብር ቢሆን፣ በወር ሁለት ስብሰባ ካለና የአባላቱ ቁጥር 30 እንዲደርስ ካቀዳችሁ፦ 30 ሴቶች × 150 ብር × 24 ስብሰባ = 108,000 ብር። ይህን ስሌት ከበጀቱ ጎን ጻፉት። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚታይበት በጀት በየመሥመሩ ጥያቄ አያስነሣም።

የሚረሱ ወጪዎችም አሉ። እናቶች ሲሰበሰቡ ልጅ የምትይዝ ሴት ክፍያ፤ የስልክ ካርድ፤ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የማስተርጎሚያ ወጪ፤ የባንክ ክፍያ፤ የኦዲት ክፍያ፤ የአስተናጋጁ ድርጅት መቶኛ፤ አባል አደጋ ቢደርስባት የምታርፍበት ቦታ። የአስተባባሪዋንም ክፍያ አስገቡ። ሴቶች ለሴቶች ሲሠሩ በነፃ ይሁን የሚል ልማድ አለ፤ ሁለት ዓመት በነፃ የሠራች አስተባባሪ ግን በሦስተኛው ዓመት ኑሮ ያስገድዳትና ትሄዳለች፣ መዝገቡም አብሯት ይጠፋል። ክፍያ ካለ የደመወዝ ግብርም አለና ከግብሩ ጋር አስሉት።

የአዋጅ 1113/2011ን የ20 በመቶ ገደብ አስታውሱ። ለሦስተኛ ወገን፣ ማለትም ከአባላቱ ውጭ ላሉ ሰዎች ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ፈንዱ ቢፈቅድላችሁም ሕጉ ይመለከታችኋል። ስለዚህ የቱ ወጪ የሥራ፣ የቱ የአስተዳደር እንደሆነ ከመጀመሪያው ለዩ።

በብር ሥሩና ወደ ዶላር ወይም ዩሮ ለውጡ፤ የተጠቀማችሁበትን የምንዛሬ ተመንና ቀኑን በግርጌ አስፍሩ። በሐምሌ 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን በገበያ እንዲወሰን ሲለቅቀው 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ተመኑን ጽፎ ያስቀመጠ ቡድን «ትርፍ ብር መጥቷል፤ ዋጋም ጨምሯል፤ በጀቱን እንዲህ እናስተካክል» ብሎ መጻፍ ይችላል። ያልጻፈ ግን ብሩ ለምን እንደበዛ ማስረዳት ይቸግረዋል።

7. የአባላቱን ደኅንነት ጠብቁ

ማመልከቻ ከእጃችሁ ከወጣ ማን እንደሚያነብበው አታውቁም። ጥቃት የደረሰባትን ሴት ስም፣ የምትኖርበትን ሰፈር፣ የአሠሪዋን ስም አትጻፉ። ለእያንዳንዷ ጉዳይ ቁጥር ስጡ፤ ስምና ቁጥር የሚያገናኘው ወረቀት በአንዲት ታማኝ አባል እጅ፣ ከኮምፒውተር ውጭ ይቀመጥ። ፎቶ ሲያያዝ ፊቷ የሚታይ ሴት ሁሉ በፊርማዋ የተስማማች ትሁን። «አሠሪዬ ቢያየው ምን ይደርስብኛል?» ብላ አስባበት መሆኑንም ጠይቁ። ቅጹ ስለ ስጋት ከጠየቃችሁ ያለውን ስጋት በግልጽ ተናገሩ፤ ብዙ ፈንዶች ለደኅንነት የሚሆን ገንዘብ በበጀቱ ውስጥ እንዲገባ ይፈቅዳሉ።

8. አስገቡ

በስልክ ሳይሆን ከተቻለ በኮምፒውተር፣ ማለዳ። ከገባ በኋላ የሚመጣውን የማረጋገጫ ኢሜይል አስቀምጡ። የላካችሁትን ሙሉ ቅጂም ያዙ፤ በኋላ ቃለ መጠይቅ ስትደረጉ መልሳችሁ ከተጻፈው ጋር መስማማት አለበት።

9. ለማጣራቱ ተዘጋጁ፣ ገንዘቡንም ተቀበሉ

ከተመረጣችሁ ፈንዱ ማንነታችሁንና ሰነዶቻችሁን ያጣራል። እዚህ ላይ የሚያስቸግረው ስም ነው። ትዕግሥት የሚለው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ በፓስፖርት አንድ ዓይነት፣ በባንክ ሌላ፣ በምዝገባ ወረቀት ሦስተኛ ይሆናል፤ ባንኮች ደግሞ አንዲት ፊደል ብትለያይም ገንዘቡን ሊይዙት ይችላሉ። የሦስቱን ፈራሚዎች ስም በአንድ ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ጻፉና ሁሉም ቦታ ያንኑ ተጠቀሙ። ቅጹ የቤተሰብ ስም ሲል የአባትን ስም አስገቡ፤ አንዴ የአባት፣ አንዴ የአያት አታድርጉ። የቡድኑም ስም እንደዚሁ፤ በባንክ ሒሳቡ ላይ ያለው ስም በስምምነቱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም።

ስምምነቱን ሳታነብቡ አትፈርሙ። የሪፖርት ቀኖችን፣ በጀት ለመቀየር ስንት በመቶ እንደሚፈቀድና ያልወጣ ገንዘብ ምን እንደሚሆን አውጥታችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ገንዘቡ ባንክ ሲደርስ የስምምነቱን ቅጂ ሊጠይቋችሁ ስለሚችሉ ይዛችሁ ሂዱ። ቼክ በሦስት ፈራሚ ከተከፈተ ሒሳብ በሁለት ፊርማ ይውጣ። ደብተሩን የምትይዘዋ ሴት ፈራሚ አትሁን፤ ገንዘቡን የሚያወጣና የሚመዘግብ እጅ ሲለያይ ለሐሜትም ለስሕተትም በር ይዘጋል።

10. ባወጣችሁበት ቀን መዝግቡ

ደረሰኝ የሚሰጥ ሱቅ ካለ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያለበት ደረሰኝ ተቀበሉ። ከጉልት ሽንኩርትና ከሰል የገዛችሁ እንደሆነ ደረሰኝ የለም፤ ለዚህ የግዢ ማረጋገጫ ወረቀት አዘጋጁ፦ ቀን፣ የተገዛው፣ ዋጋው፣ የገዛችዋ፣ ያየችዋና ያጸደቀችዋ ፊርማ። ይህን ዓይነት ወረቀት ፈንዱ እንደሚቀበል አስቀድማችሁ በኢሜይል ጠይቁና መልሱን ያዙ። ለትራንስፖርት የሚሰጥ ገንዘብ በፊርማ ዝርዝር ይሁን፤ ፊርማዋን መጻፍ የማትችል አባል በጣት አሻራ ትፈርም።

ሪፖርቱን በመጨረሻው ሳምንት አትጀምሩት። በየወሩ መጨረሻ ከቃለ ጉባኤው ላይ ሦስት ነገር አውጡ፦ ምን ሠራን፣ ምን ተለወጠ፣ ምን ከለከለን። በ12 ወር ውስጥ ሪፖርቱ ራሱን ይጽፋል። በመሃል አንድ ነገር ከተበላሸ፣ ለምሳሌ አስተባባሪዋ ብትለቅ ወይም ስብሰባ መሰብሰብ የማይቻልበት ጊዜ ቢመጣ፣ ሪፖርት አትጠብቁ፤ በዚያው ሳምንት ጻፉላቸው።

ተደጋግመው የማያቸው ስሕተቶች

አንድ ማመልከቻ ገልብጦ ለአምስት ፈንድ መላክ፤ የአንደኛው ስም በሌላኛው ላይ ቀርቶ ያጋጥማል። ቡድኑ ሠርቶት የማያውቀውን ሥራ ፈንዱ ይወደዋል ብሎ መጨመር፤ ገንዘቡ ሲመጣ ማንም አይሠራውም። የቡድኑን ኢሜይል የአንድ ሰው የግል ኢሜይል ማድረግ፤ ያቺ ሰው ከለቀቀች የምርጫው መልእክትም ከእርሷ ጋር ይቀራል። ወንድ የሥራ ባልደረባ በሊቀ መንበርነት አስቀምጦ በሴቶች የምንመራ ነን ማለት፤ ሁሉን ወጪ በአንድ ፈንድ ላይ መጣልም እንደዚሁ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ስታቆም በአንድ ምንጭ የቆሙ ድርጅቶች በቀናት ውስጥ ሠራተኛ አሰናብተዋል። መዋጮውን ድጋፍ ከመጣ በኋላም አታቋርጡ።

ማስጠንቀቂያ

እውነተኛ ፈንድ ለማመልከቻ ገንዘብ አይጠይቅም። «የማስኬጃ 3,000 ብር አስገቡ» የሚል መልእክት ከመጣ አትመልሱለት። የኢሜይል አድራሻውን ፊደል በፊደል ከፈንዱ ድረ ገጽ ጋር አስተያዩ። «ማመልከቻውን እኔ እጽፍላችኋለሁ፣ ከሚመጣው ላይ 10 በመቶ ትሰጡኛላችሁ» ከሚል ደላላም ራቁ፤ ያ ወጪ በየትኛውም በጀት ላይ ሊጻፍ አይችልም፣ ከሌላ መሥመር ላይ ተቀንሶ ከተከፈለ ደግሞ ማጭበርበር ይሆናል፤ ተጠያቂዎቹም ፈራሚዎቹ ናችሁ።

«አልተመረጣችሁም» የሚል መልስ ከመጣ

ለአንድ ጥሪ ከሚሰጠው በብዙ እጥፍ የበለጠ ማመልከቻ ስለሚመጣ ይህ መልስ ይመጣል። በሁለት ቀን ውስጥ አጭር የምስጋና ኢሜይል ጻፉና አስተያየት ካላቸው እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ሁሉም አይመልሱም፤ የሚመልሱት ግን አንድ ሁለት መሥመር ይጽፋሉ። መልሱን ለአባላቱ እሑድ አንብቡላቸው፣ በቃለ ጉባኤም መዝግቡት። ያስቀመጣችሁትን የማመልከቻ ፋይል ክፈቱና ደካማ የተባለውን አንቀጽ በዚያው ስብሰባ ላይ አስተካክሉ፤ የሚቀጥለው ጥሪ ሲወጣ ከዚያው ትጀምራላችሁ።